ከ«አይዞህ» ቀጥሎ ምን ይባላል?

መነሻ ጽሑፍ

በዚህ የውይይት መድረክ ላይ ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምላሾቹ በዝተው ከአርባ ስላለፉ፣ ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው በቁጥራቸው ቅደም ተከተል በራሴ አንደበት እተርካቸዋለሁ። መጀመሪያ ግን ለምን እንደጠየቅሁ።

የእህቴ ልጅ 16 ዓመቱ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የክሮንስ በሽታ የሚባል፣ አንጀትን የሚያቆስል የማይለቅ ሕመም እንዳለበት ተነገረው። ከዚያ በፊት አንድ ዓመት ተኩል ያህል ሆዱን ሲቆርጠው፣ ሲያስቀምጠው፣ ሲከሳ፣ እኩዮቹ በቁመት ጥለውት ሲሄዱ፣ አንዴ አሜባ ነው አንዴ የአንጀት ተስቦ ነው እየተባለ መድኃኒት ሲቀያየርለት ከርሟል። እኔ ደግሞ የእሱ ዘመድ ከሆነው፣ ትልቁን አንጀት ከሚያቆስለው ከአልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ጋር 14 ዓመት ኖሬያለሁ። በቤተሰባችን ስለዚህ ነገር ያውቃል የሚባል ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ስለዚህ ውጤቱን በሰማ ማግስት ማታ እኔ ዘንድ መጣ። ለመጸዳጃ ቤቱ የሚቀርበውን ወንበር መርጦ ተቀመጠ። የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ፣ መልሶ እያሰረ ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ «ያ ነገር ዕድሜ ልኬን አብሮኝ ሊኖር ነው?» አለኝ። የበሽታውን ስም አልጠራም። እኔም «አይዞህ» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ያ ፊቱን ማዞሩ አንጀቴን በላው። እኔም በ20 ዓመቴ ስታመም ሁሉም ሰው አይዞሽ ብሎኛል፤ ቃሉ ክፉ አይደለም፣ ግን ባዶ እጁን የመጣ እንግዳ ይመስላል። ስለዚህ መድረኩን እንዲህ ብዬ ጠየቅሁ፦ በልጅነታችሁ ወይም በወጣትነታችሁ የታመማችሁ፣ እውነትም የሆነ፣ የሚያሳርፍም የሆነ ምን ነገር ሰማችሁ? ሁለት ነገር ብቻ ለመንኩ። ምንም አይደለም አትበሉት፤ መድኃኒትህን ጣል አትበሉት።

ምላሾቹ

1ኛው ምላሽ የመጣው በ19 ዓመቱ ከታመመ፣ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ከሆነ ሰው ነው። ለልጁ ጤና ከተመኘ በኋላ፣ እሱን ያሳረፈው የማጽናኛ ቃል ሳይሆን የሕመሙ ስም መታወቁ እንደነበረ ገለጸ። እስከዚያ ድረስ በቤት ሰነፍ፣ በትምህርት ቤት አስመሳይ ይባል ነበር፤ ሲደጋገም እሱም አመነው። ሐኪሙ በኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ በኩል በሚገባ ቀጭን ካሜራ) የተነሣውን የቁስሉን ምስል ሲያሳየው አለቀሰ። ያስለቀሰው ድንጋጤ ሳይሆን የሚያምነው ሰው ማግኘቱ እንደነበረ ጽፏል። እኔም ያን ቀን ትዝ ይለኛል። ስም የሌለው ሕመም የሰውየው ጠባይ ይመስላል።

2ኛዋ የ14 ዓመት ልጅ እናት ናት። የልጇ ወረቀት ላይ ኮላይቲስ የሚል እንደተጻፈ፣ የእኔ የእህት ልጅ ደግሞ ክሮንስ እንደተባለ አይታ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ጠየቀች። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በሽታውን ያመጣሁት እኔ ባበላኋት ነገር ይሆን ወይስ በቤታችን ውስጥ በነበረው ጭቅጭቅ የሚል ጥያቄ ጨመረች። ዘመድ ሁሉ ንዴት ነው ያመጣባት ይላት እንደነበር ከዚሁ ይገባል።

3ኛው የጨጓራና አንጀት ሐኪም ነው፤ ክሩን እስከ መጨረሻው የተሸከመው እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ለእናትየው ሲመልስ ከጥፋተኝነቱ ጀመረ። በሽታው የሚነሣው የሰውነት መከላከያ በራሱ አንጀት ላይ ሲቆጣ ነው፤ የዘር ዝንባሌ፣ በአንጀት ውስጥ የሚኖሩ ተሕዋስያንና አካባቢ ተደራርበው ያመጡታል። ምግብ ስላበላሽ ወይም ስለተናደደች አልመጣም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ጭንቀት ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል እንጂ አይወልደውም። ኮላይቲሱ በትልቁ አንጀት ላይ ብቻ የሚቀመጥ፣ ከፊንጢጣ ጀምሮ ሳይቆራረጥ ወደ ላይ የሚወጣ፣ የአንጀቱን የውስጠኛ ሽፋን የሚያቆስል ነው። ክሮንስ ግን የአንጀቱን ግድግዳ ዘልቆ ይገባል፤ እዚህ አቁስሎ፣ እዚያ ጤነኛ ቦታ ዘሎ፣ ወዲያ ደግሞ ያቆስላል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም የሚጀምሩት ከ15 እስከ 35 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ ከአራት ሕሙማን የአንዱን ያህል 20 ዓመት ሳይሞላቸው ይገኝባቸዋል። ስለዚህ ልጁ ከተራው ውጭ የተመረጠ እንደሆነ እንዳይሰማው አሳሰበ። ጽሑፉን ሲዘጋ ግን ቸኮለ መሰለኝ፣ ክሮንስ የትንሹ አንጀት ጫፍ በሽታ ነው ብሎ ጨረሰው።

4ኛዋ ያንን በአክብሮት አረመችው። የእሷ ክሮንስ የጀመረው በአፍ ቁስል ነው፤ ከዚያ ጉልበቷ አበጠ፣ ቀጥሎ ዓይኗ ቀላ፣ ሆዷ የመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። ለአንድ ዓመት ከጥርስ ሐኪም ወደ ዓይን ሐኪም ስትንከራተት ሁሉንም በአንድ ክር ያሰረው ሰው አልነበረም። ሐኪሙ በ6ኛው ምላሽ እርማቱን በደስታ ተቀበለ፦ ክሮንስ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊወጣ ይችላል፣ የትንሹ አንጀት መጨረሻ የሚዘወትረው ቦታ እንጂ ብቸኛው አይደለም። መገጣጠሚያ፣ ዓይንና ቆዳም አብረው ሊቆጡ ስለሚችሉ፣ ዓይኑ ቀልቶ የሚያምመውና ብርሃን የሚወጋው ሰው ቀን እንዳያሳድር አሳሰበ።

5ኛዋን ምላሽ ሦስት ጊዜ አነበብኳት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ የታመመችው በ17 ዓመቷ ነው። ወደ አንድ ክፍል ስትገባ መጀመሪያ የምትፈልገው በሩን፣ ቀጥሎ ከበሩ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ያለውን እርምጃ ነው። በአዲስ ሕንፃ ትምህርት ሲጀመር ከአንድ ቀን በፊት ብቻዋን ሄዳ ትቆጥረዋለች፤ አንዱ 46 እርምጃ ነበር። መጸዳጃ ቤት ስትገባ የውኃውን ቧንቧ ትከፍታለች፣ ድምፁ እንዳይሰማ። በቦርሳዋ ሥር ቅያሪ የውስጥ ልብስ፣ እርጥብ መጥረጊያና አንድ ጥቁር ፌስታል አለ፤ እነዚህን ሦስት ነገሮች ስላልተጠቀመችባቸው ቀናት እንጂ ስለተጠቀመችባቸው ቀናት አታስብም። ለሁለት ዓመት ይህን ሁሉ ከክፍል ጓደኛዋ ደበቀች። አንድ ቀን መንገድ ላይ አልያዝ አላት፤ ጓደኛዋ ሹራቧን አውልቃ በወገቧ ላይ አሰረችላትና ምንም ሳትጠይቅ ወደ ቤት አደረሰቻት። ያን ዕለት ማታ ሁሉንም ነገረቻት። ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ ሕንፃ ሲሄዱ እርምጃውን የምትቆጥረው ጓደኛዋ ናት።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በእኛ ቋንቋ አንጀት የርኅራኄ ማደሪያ ነው፤ ስናዝን አንጀታችን ይላወሳል፣ ስንደሰት አንጀታችን ይርሳል። ሆኖም ያ አንጀት በእውነት ሲቆስል ስሙን ለማንሣት እናፍራለን። ልጆቹ ከሕመሙ እኩል የሚደክሙት በመደበቁ ነው።

ከ7 እስከ 9 ያሉት አጫጭር ናቸው። አንዱ ለ5ኛዋ ምስጋና ብቻ ነው። ሌላው፣ ሐኪም የጻፈው አንድ ደብዳቤ ለትምህርት ቤቱ ከተሰጠ ልጁ ፈቃድ ሳይጠይቅ መውጣት እንደሚችልና ይህም ከማንኛውም ምክር በላይ እንደረዳው ገለጸ። 9ኛው ስለ ሆድ መነፋትና ስለ ጋዝ የሚጠይቅ ሲሆን፣ የእሱ ምርመራ የአንጀት መረበሽ እንጂ እንደ እኛ የአንጀት ብግነት (የአንጀት መቆጣትና መቁሰል) አለመሆኑ ሲታወቅ ሐኪሙ ሁለቱን ለየለት፦ በመጀመሪያው አንጀቱ ሥራው ይታወካል እንጂ አይቆስልም። ደም፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሣ ተቅማጥ፣ ክብደት መቀነስና ትኩሳት ግን የቁስለት ምልክቶች ሊሆኑ ስለሚችሉ መመርመር አለባቸው።

10ኛው ላይ ጠቡ ተነሣ። ይህ ሰው መድኃኒቱን በሙሉ ጥሎ በአመጋገብ ብቻ እንደዳነ፣ ሐኪሞች ሰውን ዕድሜ ልክ ደንበኛ ማድረግ እንጂ ማዳን እንደማይፈልጉ ጻፈ። ልጁም ዛሬውኑ እንዲያቆም መከረ። የለመንኩት አንድ ነገር ይህ እንዳይባል ነበርና እጄ እየተንቀጠቀጠ ልመልስለት ስጀምር 11ኛው ቀደመኝ። 11ኛው በጣም ተቆጥቷል። ምግብ ከዚህ በሽታ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው፣ እንዲህ የሚል ሰው የሕፃን ደም በእጁ እንዳለ ቆጥሮ እንዲጽፍ ነገረው።

12ኛዋ አልተቆጣችም፤ ታሪኳን ብቻ ተናገረች። በ20 ዓመቷ ኮላይቲሷ ጋብ ብሎላት አንድ ዓመት ሙሉ ደህና ነበረች። ጤነኛ ሰው በየቀኑ ኪኒን ለምን ይውጣል ብላ ማንንም ሳታማክር ተወችው። አንድ ወር፣ ሦስት ወር፣ ስድስት ወር ምንም አልሆነችም፤ ይኸው ድኛለሁ ብላ ለእናቷ ነገረች። በሰባተኛው ወር አገረሸባት። በቀን ከአስር ጊዜ በላይ ደም እየተቀመጠች ሆስፒታል ገባች፤ የተሰጣት ሁሉ አልይዝ አለና ትልቁ አንጀቷ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ለ10ኛው የጻፈችው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ መድኃኒቱን ካቆመ ስንት ወሩ እንደሆነ ጠየቀችው። መልስ አልሰጠም።

13ኛው ምላሽ ላይ ሐኪሙ በሁለቱም ወገን ያለውን አስተካከለ፤ ይህን ስላደረገ አከብረዋለሁ። 10ኛው ተሳስቷል፤ ደህና መሆን መድኃኒቱ እየሠራ ለመሆኑ ምልክት እንጂ ለማቆም ፈቃድ አይደለም። ሕመሙ ሳይሰማ ብግነቱ ውስጥ ለውስጥ ሊቀጥል ይችላል፤ ለዚህም ነው በሰገራ ውስጥ ካልፕሮቴክቲን የሚባለው ፕሮቲን የሚለካው። ነገር ግን 11ኛውም ተሳስቷል። ክሮንስ ያለባቸው ልጆች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሌላ ምግብ ሳይቀላቅሉ የተመጣጠነ ፈሳሽ ምግብ ብቻ እንዲወስዱ በማድረግ ብግነቱን ማብረድ የታወቀ ሕክምና ነው፤ ለሚያድግ ልጅ ስቴሮይድ የሚባለውን ብግነት ማብረጃ መድኃኒት ስለሚያስቀር ብዙ ጊዜ ይመረጣል። ልዩነቱ ይህ የሚደረገው በሐኪምና በምግብ ባለሙያ ክትትል መሆኑና ከዚያ በኋላም በሽታው እንዳያገረሽ የሚወሰድ ማቆያ መድኃኒት መከተሉ ነው። ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ የምግብ ዝርዝር የለም። የአንዱን ሆድ የሚያውክ ምግብ ለሌላው ይስማማል፤ ፍርሃት ሁሉንም ምግብ ካስጣለ ግን ልጁ ይከሳል፣ ዕድገቱም ይቆማል። 11ኛው በ14 ይቅርታ ጠየቀ። 10ኛው ግን ተቆጥቶ በ15 ተሰናበተ።

ከ16 እስከ 21 ወሬው ወደ ታዋቂ ሰዎች ዞረ። አንዱ የማንቸስተር ዩናይትዱን ዳረን ፍሌቸርን አነሣ፦ በአልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ምክንያት በ2011 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ከጨዋታ ራቀ፣ በ2013 ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ተመልሶም ለዓመታት በፕሪሚየር ሊጉ ተጫወተ። ሌላው የጃፓኑን ሺንዞ አቤን ጠቀሰ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በዚሁ ኮላይቲስ የኖረ፣ በ2007 ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ያስለቀቀው፣ በአዲስ መድኃኒት አገግሞ በ2012 ተመልሶ የአገሩን የሥልጣን ዘመን ክብረ ወሰን የያዘ፣ በ2020 ደግሞ ሲያገረሽበት እንደገና የለቀቀ ሰው። አንዱ የእንግሊዙን ቀዛፊ ስቲቭ ሬድግሬቭን ጨመረ፤ በተከታታይ አምስት ኦሊምፒኮች ወርቅ ሲያገኝ የመጨረሻዎቹን ከኮላይቲስ ጋር ነው የቀዘፈው። አሜሪካዊቷ ዋናተኛ ካትሊን ቤከርም ክሮንስ እያለባት በ2016 በሪዮ በ100 ሜትር የጀርባ ዋና የብር ሜዳሊያ ወስዳለች። ከዚያ ክሩ ሙሉ በሙሉ ወደ እግር ኳስ ነጎደ፤ ፍሌቸር የትኛው ጨዋታ ላይ ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለው ክርክር ሦስት ምላሽ በላ።

22ኛዋ ያንን በቁጣ አቋረጠች። እሷ ሜዳሊያ እንደማትፈልግ፣ የምትፈልገው የሁለት ሰዓት ፈተና ሳትወጣ መቀመጥ እንደሆነ፣ እያንዳንዱ የጀግና ታሪክ በሰማች ቁጥር ዛሬ ከአልጋዋ ስላልተነሣች ሰነፍ እንደሆነች እንደሚሰማት ጻፈች። አንዳንዶች ተከፉባት። እኔ ግን ከእሷ ጋር ነኝ። የእህቴ ልጅ ኳስ ይወዳል፣ የፍሌቸርን ታሪክም ነግሬዋለሁ፤ ግን ደክሞት በተኛበት ቀን አልነገርኩትም። ስለ ድካሙ ሐኪሙ በ23 የጻፈው ብዙ ወላጅ ሊያነበው የሚገባ ነው። ይህ ድካም በእንቅልፍ የማይወጣ እውነተኛ ድካም ነው፤ ብግነቱ ራሱ ያደክማል፣ የሚፈሰው ደም ብረትን ይጨርሳል፣ የትንሹ አንጀት ጫፍ የታመመበት ሰው ቫይታሚን ቢ12 ያጥረዋል። ደም ማነሱ ተመርምሮ ሲታከም ሰነፍ ሲባል የነበረው ልጅ ሌላ ሰው ይሆናል።

24ኛዋ 17 ዓመቷ ነው። ስለ ስቴሮይድ ጻፈች፦ በስድስት ሳምንት ፊቷ እንደ ጨረቃ ከበበ፣ ጉንጯ ዓይኗን ሸፈነው፤ የትምህርት ቤት መታወቂያ ፎቶግራፍ የተነሡት በዚያው ሳምንት ነበር። ዓመቱን ሙሉ መታወቂያውን በአውራ ጣቷ ፎቶውን ሸፍና ስታሳይ ኖረች። የምትወስደውን ስቴሮይድ፣ ፕሬድኒሶሎኑን፣ ለማቆም አስባ እንደሆነ ከጽሑፏ ያስታውቅ ነበርና አራት ሰው ተሯሩጦ መጣ። ሐኪሙ አጭርና ግልጽ ነበር፦ በድንገት እንዳታቆም። ሰውነቷ የራሱን ሆርሞን መሥራት ስለተወ፣ መድኃኒቱ ደረጃ በደረጃ ካልቀነሰ ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል መዝለፍለፍ ሊመጣ ይችላል። እብጠቱ ግን መጠኑ ሲቀንስ ይሄዳል። ስቴሮይድ እሳቱን ማጥፊያ እንጂ የዘወትር መኖሪያ አይደለም፤ ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ዙር ከተመላለሰች ሐኪሟን ሌላ ማቆያ እንዲሰጣት መጠየቅ መብቷ ነው። 26ኛዋ፣ ያቺው ትልቁ አንጀቷ የወጣው 12ኛ፣ የራሷ ፊት በአራት ወር ውስጥ እንደተመለሰ ነገረቻት።

27ኛው አንጀት በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ሆድ ላይ ስለሚለጠፈው የሰገራ ከረጢት ጠየቀ፤ ጥያቄው ከፍርሃት የመጣ ቢሆንም አጻጻፉ ሸካራ ነበር፤ ከዚያስ ሞት ይሻላል የሚል ነገር አለበት። 12ኛዋ እንደገና መጣች። በዚህ ክር ውስጥ ትዕግሥቷ ያስደነቀኝ ሰው እሷ ናት። ከእምብርቷ ጎን በስተቀኝ የትንሹ አንጀት ጫፍ እንደ ጽጌረዳ እንቡጥ ቀልቶ ወጥቶ እንደነበረ፣ ሲነካ እንደማያም፣ ከረጢቱ ከልብስ በታች እንደማይታይ፣ መጀመሪያ ለመቀየር አንድ ሰዓት ይፈጅባት የነበረው በኋላ ሰባት ደቂቃ እንደሆነ አንድ በአንድ ጻፈች። በከረጢቱ ዋኝታለች፣ ተመርቃበታለች። ከዓመት በኋላ ከራሷ ትንሹ አንጀት ውስጣዊ ማጠራቀሚያ ተሠርቶላት ከረጢቱ ተነሣ፤ ይህ ቀዶ ሕክምና ከ1978 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታወቀ እንደሆነም ጠቀሰች። ስለ ሞት ለተባለው የመለሰችው፣ ከረጢቱ በሕይወት ያቆያት ነገር እንደሆነ ብቻ ነው። 27ኛው ቃሉን አነሣ።

28ኛው 52 ዓመቱ ነው፤ የታመመው በ1989 (እ.ኤ.አ.) ነው። ይህን ምላሽ ለእህቴ ልጅ ጮክ ብዬ አንብቤለታለሁ። ያኔ የነበረው ስቴሮይድ፣ ሰልፋሳላዚን፣ አዛታዮፕሪንና ቢላዋ ነበር፤ እሱ ሦስት ጊዜ ተቀድዷል። የክሮንስን ብግነት ከምንጩ የሚያግደው የመጀመሪያው ባዮሎጂካል (ከሕያው ሕዋሳት የሚሠራ) መድኃኒት ኢንፍሊክሲማብ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1998 ነው። ለእሱ ሲደርሰው በክንዱ የገባውን ጠብታ እየቆጠረ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተደገመ፣ በስድስተኛው ሳምንት ሠለሰ፣ ከዚያ በየስምንት ሳምንቱ ሆነ። ከሁለተኛው በኋላ አንድ ሌሊት ሳይነቃ አደረ፤ ጠዋት ሲነሣ ምን እንደጎደለበት ለማወቅ ጊዜ ወሰደበት። ዛሬ ከዚያ ወዲህ የመጡ፣ በሌላ መንገድ የሚሠሩ ብዙ መድኃኒቶች አሉ፤ አንዱ ቢደክም ሌላ አለ። ዛሬ የሚታመም ልጅ የእሱን መንገድ እንደማይሄድ ማወቁ ለራሱ የሐዘን ሳይሆን የደስታ ምክንያት እንደሆነለት ጻፈ። ሐኪሙ በ29 የጥንቃቄውን ጎን ጨመረ፦ እነዚህ መድኃኒቶች ከመጀመራቸው በፊት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልጋል፣ ክትባቶች አስቀድመው ይሟላሉ፣ ሕያው ክትባት (የተዳከመ ሕያው ተሕዋስ ያለበት) ደግሞ መድኃኒቱ እየተወሰደ አይሰጥም። ለመገጣጠሚያ ሕመም ብሎ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ መዋጥ በሽታውን ሊቀሰቅስ ስለሚችል ሕመሙን ለሐኪም መንገር ይሻላል፤ ሲጋራ ደግሞ ክሮንስን በግልጽ ያባብሳል።

30ኛው ስለ ካንሰር ሰምቶ እንቅልፍ እንዳጣ ጻፈ። ይህን እኔ መለስኩ። ትልቁ አንጀት ለብዙ ዓመት ሲቆጣ አደጋው ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ሕመሙ ከጀመረ ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ በየጊዜው በኮሎኖስኮፒ ይታያል፣ ክፉው ነገር ክፉ ሳይሆን እንዲገኝ። እኔ አራት ጊዜ ታይቻለሁ። ከምርመራው ይልቅ የሚከብደው ከዋዜማው ጀምሮ የሚጠጣው ማጠቢያ ነው፤ አቀዝቅዤ፣ በቀጭን መምጠጫ፣ በእያንዳንዱ ብርጭቆ መካከል ክፍሉን አንድ ዙር እየዞርኩ እጨርሰዋለሁ። ምርመራውን ራሱን በእንቅልፍ መድኃኒት ስለሚያደርጉት አላስታውሰውም።

31ኛው የ23 ዓመት ወጣት ነው፤ የሚወዳት ልጅ አለች፣ መቼ እንደሚነግራት አያውቅም። 32ኛው የመለሰው በዚህ ክር የተጻፈ ክፉው ነገር ነው፦ እንዲህ ያለ ሰው ማግባትም መውለድም የለበትም አለ። ከዚያ በኋላ የመጡትን ስድስት ምላሾች በሙሉ አልተርክም፤ ስድብ አለባቸው፣ ስድቡም ተገቢ ነበር ማለት አይቀናኝም። ሐኪሙ በ35 ያለው ግን ይህ ነው፦ በሽታው ጋብ ባለበት ጊዜ የመውለድ ችሎታ ከሌላው ሰው ብዙም አይለይም። ከወላጆች አንዱ ብቻ የታመመባቸው ልጆች አብዛኞቹ በሽታው አይይዛቸውም። እርግዝናው በሽታው በረጋበት ጊዜ ቢጀመር ይመረጣል፤ አብዛኞቹ መድኃኒቶችም ይቀጥላሉ። ሜቶትሬክሴት የሚባለው መድኃኒት ግን ለፅንስ አደገኛ ስለሆነ አስቀድሞ መነጋገር ግድ ነው፤ ሰልፋሳላዚን የወንዱን ዘር ቁጥር ሊቀንስ ይችላል፣ ሲቆም ይመለሳል። 1ኛው መላሽ ደግሞ ለሚስቱ የነገራት በአራተኛው ቀጠሯቸው፣ አውቶቡስ ላይ፣ መውረድ ግድ ሲሆንበት እንደነበረና እሷም አብራው እንደወረደች ጻፈ።

39ኛው ምላሽ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተጻፈ ነው። ሁለት መስመር። መኖር እንደሰለቸው የሚናገር ልጅ ነው፤ ከዚያ በፊት በክሩ ውስጥ አልጻፈም። ሲከራከሩ የነበሩት ሁሉ ዝም አሉ። 5ኛዋ ተማሪ ነቅታ ነበርና ወዲያው መለሰችለት፦ በቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ ጠየቀችው፣ ያን ሰው አሁኑኑ እንዲቀሰቅስ፣ ብቻውን እንዳያድር፣ ካልሆነ ወደ ድንገተኛ ክፍል እንዲሄድ ለመነችው። ሐኪሙም ነቃና ድብርትና ጭንቀት ይህ በሽታ ባለባቸው ወጣቶች ላይ እንደሚበዛ፣ የበሽታው አካል እንጂ የእምነት ወይም የጥንካሬ ማነስ እንዳልሆነ፣ መታከምም እንደሚችል ነገረው። እስኪነጋ ጠበቅን። በ43 ረፋዱ ላይ ተመለሰ፤ እህቱን ቀስቅሷት ነበር፣ እሷም አጠገቡ ተቀምጣ አደረች፣ ወደ ሐኪም እየሄዱ ነው።

44ኛው ላይ ሐኪሙ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት መሄድ የሚያስፈልግባቸውን ጊዜያት ጻፈ፦ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከትኩሳት ወይም ከልብ ምት መፍጠን ጋር፤ ሆድ ተነፍቶ ከማስመለስ ጋር ጋዝም ሰገራም አልወጣ ሲል፤ በፊንጢጣ አካባቢ የሚያብጥና የሚመታ ሕመም ከትኩሳት ጋር። ያገረሸ መስሎ የሚታየው ሁሉ ማገርሸት ላይሆን ስለሚችል ሰገራው ለተሕዋስያን መመርመር እንዳለበትም አከለ። 45ኛዋ፣ የ14 ዓመቷ ልጅ እናት፣ ይህን በወረቀት ገልብጣ በልጇ ክፍል በር ላይ እንደለጠፈች ጽፋለች።

46ኛውን ስከፍት የእህቴ ልጅ መሆኑን ከአጻጻፉ አወቅሁ። ክሩን እያነበበ እንደሆነ አልነገረኝም ነበር። ለእኔ ሳይሆን ለ5ኛዋ ነው የጻፈው፤ ወር ሳይሞላ ፈተና እንዳለበት ነግሮ፣ ከፈተና ክፍል መውጣት እንዲፈቀድ የሚጠየቀው መቼና በምን ዓይነት ደብዳቤ እንደሆነ ጠየቃት። እሷም በ47 መለሰችለት፦ ፈተናው ሳይደርስ አስቀድሞ፣ የሐኪሙን ወረቀት አያይዞ፣ የመውጫ ጊዜው በፈተናው ሰዓት ላይ እንዲጨመርና በበሩ አጠገብ እንዲቀመጥ በግልጽ ጽፎ። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ማታ ወረቀት ይዞ መጣ። በዚያው ወንበር ተቀመጠ። እኔ ጀመርኩለት፣ በሆድ ሕመም ምክንያት ብዬ ጻፍኩ። ብዕሩን ከእጄ ወሰደ፣ የሆድ ሕመም የሚለውን ሰረዘና ከላዩ ክሮንስ ብሎ ጻፈ። ከዚያ አጻጻፉ ልክ መሆኑን ጠየቀኝ።